ፌርሚን ባሕር ላይ ያነጠፈው አልጋ

ፌርሚን፦ ራስጌው ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ነው አልኩህ። አለቀ!

ፒሎ፦ ማኖንግ፣ እኛ ቤት እኮ ራስጌ ወደ ተራራው ነው።

ፌርሚን፦ ጀልባ ላይ ተራራ የት አለ?

ፒሎ፦ ያውና! (ወደ ደሴቱ ይጠቁማል።)

ፌርሚን፦ እሱ መሬት ላይ ነው! ጀልባዋ ስትዞር ተራራው አብሯት ይዞራል?

ፒሎ፦ አይዞርም።

ፌርሚን፦ እሰይ፣ ገባህ።

ፒሎ፦ ስለዚህ ማናንግ እየተነሳች አልጋውን ታዞራለች።

(ሁለቱም እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመዋል። ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ በጣቱ የሚያስረዳው ፌርሚን ነው። ጊማራስ ደሴት ላይ፣ በዚያች የባሕር ዳር መንደር፣ ስለ ነፋስም ሆነ ስለ ጥርስ ሕመም ወይም ስለ ሰው ትዳር ሳይጠየቅ መልስ የሚሰጥ ሰው ነው። ሌላው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ፒሎ ነው፤ እሱን ማኖንግ፣ እህቱን ማናንግ ይላል፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ታላቅ እህቴ እንደማለት፤ የተነገረውን ቃል በቃል ስለሚፈጽም መንደርተኛው ሁሉ ነገር አይገባውም ይለዋል። በመካከላቸው የፌርሚን ጀልባ ቆማለች፦ ባለ አንድ ሸራ፣ ሆዷ ጠባብ፣ ከግራና ከቀኝ ውሃውን የሚነኩ ሁለት የቀርከሃ ክንፎች በረጃጅም እንጨት የተያያዙላት። ሴት ልጁ ቤኒልዳ ኩዮ ደሴት ላይ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች፤ ክርስትናው እሑድ ነው። እስከዚያ ለመድረስ ባሕር ላይ ማደር ግድ ነው። ሚስቱ ናርሲሳ ደግሞ በሠርጋቸው ሰሞን አንድ ጊዜ ተሳፍራ፣ "እዚህ ጀልባ ላይ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም" ብላ ከወረደች ወዲህ ተመልሳ አልገባችባትም። እሷ በትልቁ መርከብ፣ እሱ ብቻውን በሸራ፤ ሲኖሩ እንዲህ ነው የኖሩት። ዘንድሮ ግን ለምኖ ለምኖ፣ "እስቲ ከሰዓት መጥቼ አልጋህን ልየው" አስብሏታል።)

ፌርሚን፦ ስማኝ ቶ፣ አንተ ልጅ። የዚህ የመረብ አልጋ አንዱ ጫፍ የሸራው ተራዳ ላይ፣ ሌላው ኋላ መሪው ጋ ይታሰራል። ጀልባዋ ወደ ቀኝ ስታዘነብል አልጋው ወዴት ይሄዳል?

ፒሎ፦ ወደ ኩዮ።

ፌርሚን፦ (ዓይኑን ጨፍኖ ይተነፍሳል።) የትም አይሄድም! ቀጥ ብሎ ይቆማል። የምድር ስበት ነው። ጀልባዋ ትወዛወዛለች፣ የተኛው ሰው ግን አይወዛወዝም። እህትህ ቤተ ክርስቲያን የተቀመጠች ነው የሚመስላት።

ፒሎ፦ ቤተ ክርስቲያንማ ጥሩ ትተኛለች።

ፌርሚን፦ አሁን እንሞክረዋለን። እኔ እተኛለሁ፤ አንተ ማዕበል ነህ።

ፒሎ፦ እኔ?

ፌርሚን፦ አዎ፣ አንተ። ያንን ክንፍ ይዘህ ከፍ ዝቅ አድርገው።

ፒሎ፦ ምን ዓይነት ማዕበል ልሁን?

ፌርሚን፦ መካከለኛ።

ፒሎ፦ የጥር ነው የሐምሌ?

ፌርሚን፦ የጥር ነዋ! ሐምሌ ላይ ማን ባሕር ይወጣል? (መረቡ ላይ ወጥቶ እጁን ደረቱ ላይ ያጣምራል።) በል ጀምር። ... አየህ? አየህ ቀጥ ስል? ትንሽ ጨምር። ... እንደሱ! ... በቃ። በቃ፣ ገብቶኛል። አቁም! ፒሎ፣ አቁም እንጂ!

(ተራዳው ሲጢጥ ይላል። መረቡ አንዴ ዞር ይልና ፌርሚንን እንደ ዓሣ ጠቅልሎ ባሕር ውስጥ ይደፋዋል። ብቅ ሲል ባርኔጣው ለብቻው ጉዞ ጀምሯል።)

ፌርሚን፦ አቁም ስልህ ለምን አላቆምክም?

ፒሎ፦ ማዕበል አቁም ሲሉት ያቆማል እንዴ?

ፌርሚን፦ አንተ ሰው ነህ!

ፒሎ፦ ቅድም ማዕበል ነህ አልከኝ። ቁርጡን ንገረኝና አንዱን ልሁን።

(ፌርሚን ከጆሮው ውሃ እያራገፈ ፀሐይዋን ያያል። ጊዜው እየሄደ ነው። ያኔ፣ በሠርጋቸው ሰሞን፣ ናርሲሳ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ገመድ ላይ ተኝታ ዓይኗ እንደፈጠጠ እንደነጋባት አይረሳውም። እሱ ከመሪው ሥር ሆኖ እያያት፣ ገመዱ ነው የጎረበጣት ብሎ ሲያዝን ነበር ያደረው። ገመዱን በሌላ ገመድ ቀይሯል። ሰሌን አንጥፏል። የሩዝ ገለባ በከረጢት ሞልቶ ፍራሽ ሠርቷል። ናርሲሳ አንዱንም መጥታ አላየችለትም።)

ፌርሚን፦ እሺ፣ መረቡ ይቅር። አልጋ የምንሠራባቸው የመኪና ጎማ ላስቲኮችስ? ነፋሃቸው?

ፒሎ፦ እስኪበቃቸው ንፋ ብለኸኝ ሲበቃቸው በምን አውቃለሁ ብዬ ጠይቄህ ነበር።

ፌርሚን፦ ምን አልኩህ?

ፒሎ፦ "ራሳቸው ይነግሩሃል" አልከኝ።

ፌርሚን፦ ታዲያ?

ፒሎ፦ አንዱ ነገረኝ። (የፈነዳ ላስቲክ ከውሃው ያወጣል።) እዚያ ማዶ ያሉት ዶሮዎች ሁሉ ሰምተውታል።

ፌርሚን፦ የቀሩት ይበቃሉ። ደርድራቸው። የጂፕኒ ታክሲ ጎማ ላስቲክ ከተማ ሱቅ ካለው ፍራሽ ይበልጣል፤ ለምን ብትለኝ...

ፒሎ፦ አላልኩህም።

ፌርሚን፦ ...አየር ስለሆነ ነው! አየር ላይ የተኛ ሰው ጎኑን አያመውም። ወፍ ጎኗን ሲያማት አይተህ ታውቃለህ? (ላስቲኮቹ ላይ ይጋደማል። ከሥሩ ረጅም፣ የማያስከብር ድምፅ ይወጣል።)

ፒሎ፦ (ፊቱን ያዞራል።)

ፌርሚን፦ ላስቲኩ ነው!

ፒሎ፦ እኔ ምን አልኩ?

ፌርሚን፦ ፊትህን አዙረሃላ!

ፒሎ፦ ነፋሱን እያየሁ ነው።

ፌርሚን፦ (ሲገላበጥ ድምፁ ይደገማል፤ እንዳልሰማ ያልፈዋል።) አሁን የሁለት ሰው ክብደት መቻሉን እንይ። አንተ እግርጌ ተቀመጥ፤ እህትህ ነህ።

ፒሎ፦ ቅድም ማዕበል፣ አሁን ደግሞ እህቴ። ምሳ ሲደርስ ምን ልሆን ነው? ደሞም እሷ ከእኔ ትከብዳለች።

ፌርሚን፦ እንግዲያው ክብደቱ እንዲሞላ ዘለህ ተቀመጥ!

(ፒሎ ይዘላል። እግርጌው ሲሰምጥ ራስጌው ይነሳል፤ ፌርሚን ተኝቶ እንደነበረው፣ እጁም ደረቱ ላይ እንደተጣመረ፣ ተወርውሮ ውሃው ላይ ያርፋል።)

ፒሎ፦ ማኖንግ! የወፏ ነገር እውነትህን ነው!

ፌርሚን፦ (ውሃ እየተፋ) ዝም በል። ዝም ብለህ... ሂድ። ቤት ሂድና የአልጋችንን ልክ ይዘህልኝ ና። ቶሎ!

(ፒሎ ይሄዳል። ፌርሚን ብቻውን ሲቀር ላስቲኮቹን በእርግጫ ይመታል፤ መልሰው ይመቱታል። ጥቂት ቆይቶ በማንጎ ዛፎቹ መሃል አንድ የቀርከሃ አልጋ ወደ ባሕሩ ሲመጣ ይታያል፤ ፍራሹና አጎበሩ ከላይ፣ የፒሎ እግሮች ከታች።)

ፌርሚን፦ ምንድን ነው ይሄ?

ፒሎ፦ የአልጋችሁ ልክ።

ፌርሚን፦ ይሄ ልኩ አይደለም፣ አልጋው ነው!

ፒሎ፦ ታዲያ ልኩ ከዚህ ሌላ የት ይገኛል? አልጋው ልኩን ትቶ የት ይሄዳል?

ፌርሚን፦ በገመድ ለክተህ ና ማለቴ ነው!

ፒሎ፦ ገመድ የሚባል ነገር አላነሳህም።

ፌርሚን፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ሰው አይቶሃል?

ፒሎ፦ ያላየኝ የለም። "ናርሲሳ አባረረችው እንዴ?" አሉኝ።

ፌርሚን፦ አንተስ ምን አልካቸው?

ፒሎ፦ "አይ፣ ልኩን እንዲያውቅ ብላ ነው" አልኳቸው።

ፌርሚን፦ በሳንቶ ኒኞ! በቃ መልሰው። እሷ ሳትመጣ በፊት መልሰው!

ፒሎ፦ አንገቴ ሊቆረጥ ነው፤ ትንሽ ላሳርፈው።

(ያገኘው ቦታ ላይ ያሳርፈዋል፤ ጀልባዋን ከቀኝ ክንፏ ጋር በሚያያይዙት እንጨቶች ላይ። የአልጋው እግሮች በእንጨቶቹ መሃል ገብተው ጥርቅም ይላሉ። ፌርሚን ይነቀንቀዋል፤ አይነቃነቅም። ከሥሩ ውሃው ቀስ ብሎ ይመላለሳል፣ በቀርከሃው ቀዳዳ ነፋስ ሽው ይላል። ፌርሚን አልጋውን ከዳር እስከ ዳር በመዳፉ ይዳብሰዋል።)

ፌርሚን፦ አስቤው ነበር።

ፒሎ፦ ምኑን?

ፌርሚን፦ ይሄን። አልጋ ክንፍ ላይ። ገና ጠዋት ነው ያሰብኩት። አንተ ራስህ ትደርስበታለህ ብዬ ስጠብቅህ ነው የዋልኩት።

ፒሎ፦ ሁለቴ ባሕር የወደቅከውም እየጠበቅከኝ ነው?

ፌርሚን፦ ሚዛኑን ለመጠበቅ በግራው ክንፍ በኩል ሩዝ እንጭናለን። እህትህን የሚያክል ሩዝ።

ፒሎ፦ የዘንድሮው ምርት ይበቃ ይሆን?

(ናርሲሳ ጃንጥላ ይዛ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ገብታ ከኋላቸው ቆማለች።)

ናርሲሳ፦ የማን ምርት ነው የማይበቃው?

ፒሎ፦ የጎረቤት፣ ማናንግ።

ናርሲሳ፦ አልጋዬ ባሕር ላይ ምን ይሠራል? በየደጁ ሰው "አይዞሽ፣ ወንድ ሁሉ አንድ ነው" ሲለኝ መጣሁ እኮ!

ፌርሚን፦ ኢንዳይ፣ ውዴ፣ አትቆጪ። መጀመሪያ ጋደም በይበት፤ ከዚያ እንደፈለግሽ ስደቢኝ።

(ናርሲሳ ጃንጥላዋን ለፒሎ ታቀብለውና ትወጣለች። ትቀመጣለች፤ ፍራሹን በመዳፏ ትጫናለች። ከዚያ ትጋደማለች። ጀልባዋ ትንሽ ዘንበል ብላ ትመለሳለች። የናርሲሳ ትከሻ ወረድ ይላል፤ ዓይኗ ይከደናል።)

ናርሲሳ፦ እህ።

ፌርሚን፦ (ለፒሎ በሹክሹክታ) "እህ" ምን ማለት ነው?

ፒሎ፦ ቤተ ክርስቲያን ልትተኛ ስትል እንደሱ ነው የምትለው።

ፌርሚን፦ (ፊቱ ያበራል። ቀስ ብሎ ወጥቶ ከጎኗ ይጋደማል። ስንት ዓመት የጠበቃት ቦታ ናት።) ይመቻል አይደል ኢንዳይ? ይመቻላ! ለምን እንደሚመች ታውቂያለሽ? ቀርከሃው የተቆረጠው ጨረቃ ስትጎድል ነው። ጨረቃ ስትጎድል ቀርከሃ ውሃውን ወደ ሥሩ ይመልሳል፣ ነቀዝ አይደፍረውም። አሁን እዚያ ማዶ ነጭ ደመና ይታይሻል? እሱ ነገ ከሰሜን ምሥራቅ እንደሚነፍስ ነው የሚነግረን። የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው...

ናርሲሳ፦ (ብድግ ብላ ትቀመጣለች።) ይኸው መጣ!

ፌርሚን፦ ማ?

ናርሲሳ፦ ያኔ እንቅልፍ የነሳኝ!

ፌርሚን፦ ትኋን ነው? ወይስ ቀርከሃው ጎረበጠሽ? ፒሎ፣ አምጣ ቢላዋ!

ናርሲሳ፦ አንተ ነህ ሚን! ያኔም አንተ ነበርክ! ጨለማው ውስጥ ተኝቼ የኮከቡን ስም ነገርከኝ። ከዚያ የኮከቡን ጎረቤት። "ገባሽ?" ትላለህ፤ "ገባኝ" ካላልኩ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለህ! ጎህ ሲቀድ የባሕሩ ወለል ድንጋይ ላይ ደርሰን ነበር።

ፌርሚን፦ ገመዱ የጎረበጠሽ መስሎኝ...

ናርሲሳ፦ የምን ገመድ? የዓሣ አጥማጅ ልጅ እኮ ነኝ፤ መልሕቅ ላይም እተኛለሁ።

ፌርሚን፦ እና መርከቡን መርጠሽ ነው? ሌሊቱን ሙሉ ካራኦኬ የሚያስጮሁበትን?

ናርሲሳ፦ ካራኦኬው ቢያንስ ዜማ አለው።

(ፌርሚን ወደ ፒሎ ይዞራል፤ ፒሎ ከጃንጥላው ሥር ገብቷል።)

ፌርሚን፦ አንተ ታውቅ ነበር?

ፒሎ፦ አውቃለሁ።

ፌርሚን፦ ያን ሁሉ ፍራሽ ስሠራ እያየህ ለምን አልነገርከኝም?

ፒሎ፦ ልነግርህ ስንቴ ሞከርኩ። በወሬህ መሃል የምገባበት ቀዳዳ አጣሁ።

ናርሲሳ፦ አልጋው ግን እውነትም አልጋ ነው። በጀልባዋ እሄዳለሁ።

ፌርሚን፦ (ከአልጋው ሊዘል ይደርሳል።) ትሄጃለሽ?

ናርሲሳ፦ እሄዳለሁ። ፒሎ መሪውን ይይዛል። አንተ በመርከብ ና።

(እንዲያም ሆነ። ሐሙስ ማለዳ ጀልባዋ አልጋዋን እንደ ታዘለ ልጅ ይዛ ስትወጣ፣ ፌርሚን ባሕር ዳር ቆሞ ሊሰናበታቸው እጁን አነሳና የነፋሱን አቅጣጫ ማስረዳት ጀመረ፤ እነሱ ግን ርቀው ነበር። ዓርብ ማታ እሱም በትልቁ መርከብ ተሳፈረ። ቅዳሜ ጠዋት ኩዮ ሲደርስ ግን ጀልባዋ ወደቡ ላይ አልነበረችም፤ ከሰዓትም አልመጣችም። ያን ሌሊት ፌርሚን ዓይኑን አልከደነም። እሑድ ረፋድ ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ባሕሩን ሲያይ ሸራዋ ብቅ አለች፤ ከየት? ከምዕራብ፣ ሊመጡ ከማይገባበት በኩል። በሩጫ ወረደ። ናርሲሳ ከአልጋው ላይ ዘላ ወረደች፤ ጉንጯ ላይ የፍራሹ መስመር ገና አልጠፋም።)

ፌርሚን፦ ምን ሆናችሁ? ልቤ ሊቆም ነበር እኮ!

ናርሲሳ፦ ክርስትናው? ክርስትናው አለፈ?

ፌርሚን፦ መጀመሪያ ምን እንደሆናችሁ ንገሩኝ!

ፒሎ፦ አልጋው ነው፣ ማኖንግ።

ፌርሚን፦ ተሰበረ?

ፒሎ፦ ቢሰበርማ ጥሩ ነበር።

ናርሲሳ፦ ኩዮን ተኝተን አለፍናት።

ፌርሚን፦ አለፋችኋት? ደሴት እኮ ናት! ጠጠር ናት እንዴ የምትታለፍ?

ፒሎ፦ አይተናታል። ከኋላችን።

ፌርሚን፦ መሪውን ማን ይዞ ነበር?

ፒሎ፦ እኔ። ከዚያ ማናንግን ሳያት እንቅልፏ አስጎመጀኝ። ዳር ላይ ትንሽ ቦታ ነበረች፤ ጋደም ብዬ ልነሳ አልኩ።

ፌርሚን፦ መሪውስ?

ፒሎ፦ በገመድ አሰርኩት። እሷም፣ እኔም፣ መሪውም፣ ሦስታችንም ተኛን።

ናርሲሳ፦ አንድ ዓሣ አጥማጅ ተጠግቶን "እናንተ ሰዎች፣ አልጋችሁን ይዛችሁ ወዴት እየሄዳችሁ ነው?" ባይለን አሁንም ተኝተን ነበር። ከዚያ ወዲህ ነፋሱ ፊት ለፊት፣ ቀን ከሌሊት ስንቀዝፍ! (እጇ ቆስሏል።) ሚን፣ ልጁ ተጠመቀ? ያለ እኔ ተጠመቀ?

ፌርሚን፦ አልተጠመቀም።

ናርሲሳ፦ ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ ወዲያው ወደ ሌላ ደሴት ይሄዳሉ አልተባለም?

ፌርሚን፦ ሊሄዱ ነበር። "እንጀምር፣ ጀልባዬ እየጠበቀችኝ ነው" አሉ። እኔም "ፓድሬ፣ አንዲት ትንሽ ጥያቄ" አልኳቸው። ዮናስ ዓሣው ሆድ ውስጥ ሲያድር ምን ላይ ነበር የተኛው?

ናርሲሳ፦ ምን አሉህ?

ፌርሚን፦ "አልተጻፈም" አሉ። ካልተጻፈማ ብዬ እኔ ገለጽኩላቸው። የዓሣውን የጎን አጥንት፣ ከዚያ የመረብ አልጋ እንዴት እንደሚታሰር፣ ከዚያ የምድር ስበትን። አሁን ራሳቸውን ይዘው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ጀልባቸው ጥላቸው ሄዳለች።

(ናርሲሳ ባሏን ታየዋለች። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል፤ ድምፁም ጎርንኗል። በቆሰለ እጇ ክንዱን ትይዘውና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ትሮጣለች። ሕፃኑ ተጠመቀ፤ አሳማው ተጠበሰ፤ ቄሱ ከፌርሚን በጣም ርቀው ተቀምጠው በሉ። የመመለሻው ቀን ጠዋት ጀልባዋ ውሃ ላይ ስትቆም ናርሲሳ ቀድማ አልጋው ላይ ወጣች።)

ናርሲሳ፦ ሚን፣ መሪውን ያዝ። ከእኔ ጋር ነህ።

ፌርሚን፦ እኔ?

ፒሎ፦ እኔስ ማናንግ?

ናርሲሳ፦ መሪ አስሮ የሚተኛ ሰው በመርከብ ይሂድ። ካራኦኬው አያስተኛህም።

(ፒሎ ከጥቅሉ ጋር ባሕር ዳር ይቀራል። ፌርሚን መሪውን ጨብጦ ከንፈሩን ይነክሳል።)

ፌርሚን፦ ኢንዳይ፣ ቃል እገባልሻለሁ፤ እስከ ጊማራስ አንዲት ቃል አልተነፍስም።

ናርሲሳ፦ እንዳታደርገው! ታወራለህ። ቀን ታወራለህ፣ ሌሊት ታወራለህ።

ፌርሚን፦ እንቅልፍሽስ?

ናርሲሳ፦ ነፋሱ ከእኔ ወደ አንተ ነው የሚነፍሰው፤ ቃሉን ይወስደዋል፣ ማጉረምረሙ ብቻ ይደርሰኛል። እሱን እየሰማሁ ነው የምተኛው። ድምፅህ ካለ መሪው ላይ ሰው አለ ማለት ነው። ዝም ካልክ ተኝተሃል ማለት ነው፤ ያኔ ተነስቼ መሪውን እይዛለሁ። በል አሁን፣ አውራልኝ።

(ፌርሚን በሕይወቱ "አውራልኝ" ተብሎ አያውቅም። አፉን ይከፍታል። ስለ ነፋሱ ሊል ነበር፤ ጠፋበት። ስለ ጨረቃና ቀርከሃው ሊል ነበር፤ እሱም ጠፋበት። መሪውን እንደያዘ፣ አፉ ተከፍቶ ይቀራል። ጀልባዋ ቀስ ብላ ትወጣለች።)

ፒሎ፦ (ከባሕር ዳር፣ ባለ በሌለ ኃይሉ) ማናንግ! ማናንግ! ዝም ብሏል! ተኝቷል፣ መሪውን ያዢ!